የአይበገሬ ቱንቢ

እኔ ግንበኛ ነኝ። ስለ መርከብ የማውቀው ነገር ቢኖር ውሃ ላይ መቆሟን ብቻ ነበር። ቢሆንም የዕድሜዬን እኩሌታ የኖርኩባት አገር የባሕር ኃይሏን አሮጌ መርከቦች ትጠግን ወይስ በአዲስ ትተካ በሚለው ክርክር ውስጥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበርኩ። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ዋሽቻለሁ፤ እዚያ ስንደርስ አልደብቃችሁም።

በዚያች አገር ስለ አንዲት መርከብ መናገር የሚፈቀደው በላይዋ ለቆመ ሰው ብቻ ነው። ሕጉ ዝም ብሎ አልወጣም። ከብዙ ዓመት በፊት ሹማምንቱ ከተማው መሃል ባለ አዳራሽ ተሰብስበው የአንዲት መርከብ መልህቅ ይለወጥ አይለወጥ እያሉ ሁለት ክረምት ተከራከሩ። በመጨረሻ ይለወጥ ብለው ወሰኑ። አዲሱን መልህቅ አስጭነው በዘፈን ወደ ወደቡ ቢወርዱ መርከቧ የለችም። ለካ ክርክሩ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ሰምጣለች። የወደቡ ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ግን የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ማንም ያልቆመባትን መርከብ እንዳይናገርባት ታወጀ።

ድምፅ የሚሰጠውም እዚያው ላይ ነው። እጅ ማውጣት ቀርቷል፤ ሁለቱንም እጁን የሚያወጣ ሰው በዝቶ አስቸገረ። አሁን ትጠገን የሚል በመርከቧ ቀኝ፣ ትተካ የሚል በግራ ይቆማል። መርከቧ ወደ ዘነበለችበት ያለው ወገን ያሸንፋል። ሰው ያዳላል፣ መርከብ ግን ለማን ብላ ታዳላለች ይላሉ። ለእንግዳ ሰው ነገሩ ያስቃል፤ እኔ ግን ስሰማው በጣም ነው ደስ ያለኝ። እውነትም ምን ያህል ትዘነብላለች የሚለው ጥያቄ ያን ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ።

እኔን የቀጠሩኝም ለዚሁ ነው። ወደቡ አጠገብ የአንድ መጋዘን ግድግዳ ስገነባ ሁለት ሰዎች መጥተው ቱንቢዬን አዩት። ክሩ ላይ የተንጠለጠለውን ሾጣጣ ብረት አንዱ በጣቱ ነካ አደረገውና፣ "ይሄ ነገር ይዋሻል?" ብሎ ጠየቀኝ። "ክሩ ካልተበጠሰ አይዋሽም" አልኩት። በማግስቱ አይበገሬ በምትባለው መርከብ ላይ፣ ከአዛዡ ክፍል ጣሪያ ላይ ቱንቢዬን ሰቅዬ ሥራ ጀመርኩ። ከሥሩ አንድ ሳንቃ አስተኛሁና ከመሃሉ ወደ ግራ ሃያ ጣት፣ ወደ ቀኝ ሃያ ጣት ምልክት አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ስሜ ቀረና "ቱንቢው" ተባልኩ።

አይበገሬ ከአገሪቱ ሦስት የጦር መርከቦች ታላቋ ናት። ሞተሯን የሠራው ፋብሪካ ከፈረሰ ቆይቷል። በትልቁ መድፏ አፍ ውስጥ ርግቦች ፈልፍለው አሳድገዋል፤ በበዓል ቀን መድፍ ይተኮስ ሲባል መጀመሪያ ርግቦቹን የሚያወጣ ሰው ይላካል።

የትጠገን ወገን መሪ አቶ ደምመላሽ ይባላሉ፤ ድምፃቸው ከመድፉ የሚሻል ሰው ናቸው። "ምን ሆነች?" ይላሉ የመርከቧን አጥር በእጃቸው እየመቱ። "ሞተሯ ይውጣ፣ መድፏ ይውጣ፣ ጎኖቿ ይቀየሩ፣ መሪዋ ይቀየር። ሌላው እንዳለ ይቆይ!" ጭብጨባው ሲያልቅ አንዱን ቀስ ብዬ ሌላው ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ደወሉ ነው አለኝ።

የትተካ ወገን መሪ ዶክተር ልሣነወርቅ ናቸው። ዶክተርነታቸው በጉድጓድ ውሃ ነው ይባላል፤ ቢሆንም ውሃ ውሃ ነው ተብሎ ተከብረው ይኖራሉ። እርሳቸው ርዝመቷ የአይበገሬን እጥፍ የሆነ አዲስ መርከብ ንድፍ ይዘው ይመጣሉ። መርከቧ ወደቡ ውስጥ እንደማትገባ ሲነገራቸው አይደነግጡም። "ወደቡን የመተካት ክርክር በሚቀጥለው ዓመት ይከፈታል" ይላሉ።

በባሕር ላይ ሃያ ዓመት ያገለገለ አንድ ከሲታ መርከበኛ አንድ ቀን ተነሥቶ፣ ለዚህች አገር ጠረፍ ሦስት ፈጣን ጀልባ ይበቃታል፣ ትልልቆቹ ደግሞ ከወደብ ከወጡ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው ብሎ በሚገባ አስረዳ። እኔ በሰማሁት ልክ ነበር። ሮጬ ቱንቢውን አየሁት፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ሰውዬው ቀጫጫ ነዋ! ወዲያውኑ ሁለቱም ወገኖች ነገሩ ገባቸውና አባሎቻቸውን መቀለብ ጀመሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፊታቸው ጠፋኝ። ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ይዞ የተገኘም ነበር፤ ተፈተሸና "የግል ንብረቴ ነው" ብሎ አለፈ።

በባሕሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን አይበገሬ ጠዋት ወደ ግራ፣ ከሰዓት ወደ ቀኝ ስታዘነብል በሩቅ መነጽር ያዩ ኖሮ አዲስ የውጊያ ስልት መሰላቸው። እነርሱም መርከባቸውን ማዘንበል ጀመሩ አሉ። እንደተገለበጠችባቸው የሰማነው ቆይተን ነው።

እንዲህ እያልን አራተኛው ዓመት ገባ። አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ጉባኤው ሁሉ ለምሳ ወረደ። በመርከቧ ላይ ከእኔ በቀር ማንም አልቀረም። ቱንቢውን አየሁት፤ ሦስት ጣት ወደ ግራ ሄዷል። ክሩን አየሁ፣ ጣሪያውን አየሁ፣ እኔ ራሴ ወደ ቀኝ ሄጄ ቆምኩ። ሦስት ጣት ነው። እንግዲህ ማነው ግራ የቆመው? እንዲህ ያለ ነገር ካየሁ ምሳ አይበላልኝም። በጠባቡ የብረት መሰላል ወደ መርከቧ ሆድ ወረድኩ።

ታች አሥራ አንድ ሰዎች አገኘሁ። ውሃው እስከ ባታቸው ነው። ስድስቱ የፓምፑን ረጅም እጀታ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋሉ፣ አምስቱ ቱቦ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ። አለቃቸው ጸጉሩ የነጣ፣ ሱሪውን የጠቀለለ ሰው ነው፤ ጋሽ ቢምረው ይሉታል።

"ማነህ አንተ?" አለኝ።

"ቱንቢው ነኝ።"

"አሃ! ላይ ሆነህ 'ግራ አሥራ ሁለት፣ ቀኝ ዘጠኝ' የምትለው አንተ ነህ? ድምፅህ በቧንቧው ይመጣልናል። ግራ ካልክ እኮ ወዮልን!"

"ምነው ጋሼ?"

"ና ላሳይህ።"

የመርከቧን ግራ ጎን አሳየኝ። ከራሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ብረቱን ዝገት በልቶት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል፤ በቀዳዳዎቹ የቀን ብርሃን ይገባል።

"ቀጥ ብላ ስትቆም እነዚህ ከውሃው በላይ ናቸው። ነፋስ ነው የሚያስገቡልን፣ አይከፋም። እናንተ ወደ ግራ ስታዘነብሏት ግን ውሃው ውስጥ ይገባሉ። የገባውን ገፍተን ሳንጨርስ ደግማችሁ ታዘነብሏታላችሁ።"

"ከክርክሩ በፊትስ እንዴት ነበር?"

"ከክርክሩ በፊት ጠዋት አንድ ሰዓት ገፍተን ቀኑን ሙሉ ካርታ እንጫወት ነበር" አለኝና ሳቀ። "እኔ እንኳ ጎበዝ ተጫዋች ነበርኩ።"

"ታዲያ ቀዳዳውን ለምን አትደፍኑትም?"

"መድፈን ጥገና ነው። ጥገና ደግሞ ገና አልተወሰነም።"

"ለጉባኤው ንገሯቸዋ!"

"ስለ መርከቧ የሚናገረው በላይዋ የቆመ ነው ይላል ሕጉ። እኛ ያለነው ውስጧ ነው።" ይህን ሲል ቅሬታ እንኳ አልነበረበትም። ደንቡን እንደማላውቅ ሰው በትዕግሥት ነው ያስረዳኝ።

ወደ ላይ ስወጣ ልቤ በደስታ ይመታ ነበር፤ አልዋሻችሁም። አራት ዓመት የተከራከሩበትን ነገር መልስ ያገኘሁ መሰለኝ። መርከቧን እያጠፋት ያለው እርጅናዋ ሳይሆን ክርክሩ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ ከመርከቧ የሚወርድ፣ ቀዳዳው የሚደፈን፣ እነ ጋሽ ቢምረው ወደ ካርታቸው የሚመለሱ መሰለኝ።

ሄጄ ለወይዘሮ ይርገዱ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ይርገዱ የጉባኤው ዳኛ ናቸው፤ የመርከቧን ቁልፎች ሁሉ በወገባቸው ታጥቀው የሚውሉ፣ ከማንም ጉርሻ የማይቀበሉ ንጹሕ ሰው። እስክጨርስ በጥሞና ሰሙኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህ ከባድ ነገር ነው" አሉ።

"በጣም ከባድ ነው እንጂ፣ እመቤቴ!"

"እንግዲህ ውሃው የየትኛው ወገን ነው?"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ቀልድ አያውቁም። በማግስቱ የውሃው ጉዳይ ለጉባኤው ቀረበና ስድስት ቀን ፈጀ።

አቶ ደምመላሽ ሰርጎ ገብ ነው ብለው ጮኹ። "ስሙ አልተመዘገበ፣ ቃለ መሐላ አልፈጸመ! በየትኛው በር ገብቶ ነው ድምፅ የሚሰጠው?"

ዶክተር ልሣነወርቅ ይህን ቀን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የኖሩ ይመስሉ ነበር። "ውሃው ማንም ሳይቀልበው፣ ማንም ሳያግባባው በገዛ ፈቃዱ ግራ ቆመ" አሉ። "ከእኛ መካከል እንደ እርሱ ሌት ተቀን ከመርከቧ ያልተለየ ማነው? ስለ መርከብ ደግሞ ከውሃ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ይምጣ!" ግራው ወገን በጭብጨባ ተናወጠ፤ ቱንቢዬም አብሮ ተናወጠ።

ወይዘሮ ይርገዱ ሕጉን ገልብጠው ገልብጠው ፈረዱ። ስለ ድምፅ አሰጣጥ ሕጉ "በመርከቧ ላይ ክብደቱ ያረፈ" ይላል እንጂ ሰው መሆን አለበት አይልም። ስለዚህ ውሃው ይቆጠራል። ውሃው ከተቆጠረ ደግሞ በድምፅ መስጫው ዕለት እርሱን በፓምፕ መግፋት አባልን ከጉባኤ ማባረር ነው። ፓምፑ ይታሸጋል። በባልዲ የሚያወጣም የሚያስገባም እንዳይኖር የታችኛው በር ይቆለፋል።

"ሰዎቹስ?" አልኩ። ከጉባኤው መሃል ያለ ፈቃድ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

"የትኞቹ ሰዎች?"

"ፓምፕ የሚገፉት፤ አሥራ አንዱ።"

ወይዘሮ ይርገዱ ደንቡን አነበቡልኝ። የፓምፕ ሠራተኛ፣ ሰው በመርከቧ ላይ ባለበት ጊዜ ሁሉ ቦታውን አይለቅም። አነባበባቸው ያሳዝን ነበር፤ ደንቡ ሌላ ነገር ቢል ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።

ለጋሽ ቢምረው የነገርኩት እኔ ነኝ። ሰማኝና የውሃውን ከፍታ በባቱ ላይ አየ።

"ድምፁ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ሦስት ሰዓት ነው የሚሉት።"

"ግራ ብዙ ካልዘነበለች በሁለት ሰዓት ውስጥ እስከ ወገባችን ነው። ሦስት ሰዓት ከሆነ..." አለና ተወው። ሱሪውን ከፍ አድርጎ እየጠቀለለ፣ "እስቲ ቶሎ ቶሎ እንዲናገሩ ንገርልኝ" አለኝ። አንጀቴን በላው። ደግሞም ተናደድኩ፤ በእርሱ ሳይቀር ተናደድኩ። ሰው እንዴት ሊሞትበት የሚችለውን ነገር እንደ ተራ የሥራ ሰዓት ያሰላል?

የመጨረሻው ድምፅ ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን ሁሉ አመጡ። አጎት፣ አማች፣ ከአልጋ ከተነሣ ሰባት ዓመት የሆነው ሽማግሌ ሳይቀር ከነአልጋው መጣ። ወይዘሮ ይርገዱ ወረዱና ፓምፑን አሽገው፣ በሩን ቆልፈው ተመለሱ። ሦስት ሰዓት ላይ ስድስት ጣት ወደ ግራ ነበር። አራት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ። አቶ ደምመላሽ ሰዎቻቸውን ሁሉ ከቀኙ አጥር ጋር አጣበቁ፤ ቱንቢው ወደ ዘጠኝ ተመለሰና ትንሽ አሰበ፤ ከዚያም እንደገና ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። ሰው በአንድ ወገን አንድ ጊዜ ነው የሚቆመው። ውሃው ግን በየደቂቃው አዲስ አባል ያስገባል።

አምስት ሰዓት ላይ ቱንቢው ሃያውን ጣት አልፎ ከሳንቃው ወጣ። በጣቴ ለካሁት፤ ሃያ ስድስት። በቧንቧው በኩል ብረት በብረት ሲመታ መጣ፤ ዷ፣ ዷ፣ ዷ። እነ ጋሽ ቢምረው ናቸው። ላይ ያሉትም ሰሙት። ዶክተር ልሣነወርቅ እጃቸውን አንሥተው፣ "ሠራተኛውም ከታች ድጋፉን እየገለጸልን ነው!" አሉ።

"ቱንቢው! ስንት ነው?" አሉኝ ወይዘሮ ይርገዱ።

ከክፍሉ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ላለመንሸራተት መቃኑን ይዣለሁ። አንድ ደንብ አልነገርኳችሁም። ድምፁ ሲነገር የተሸነፈው ወገን ሁሉ ወደ አሸናፊው ተሻግሮ ይጨባበጣል፤ ያማረ ልማድ ነው። እውነቱን ብናገር ያ ሁሉ የተቀለበ ሰው ወደ ግራ ሊሻገር ነው። ቀኝ አሸነፈ ብል መርከቧ ትቃና ይሆናል፤ ነገር ግን የአሸናፊው መሪ ንግግር አለ፣ አቶ ደምመላሽ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በታች ተናግረው አያውቁም። የቀረው አንድ ነገር ነው። ድምፁ እኩል ከሆነ ጉባኤው ወዲያው ወደ መሬት ይወርዳል፣ እሽግ ይፈታል፣ ቁልፍ ይከፈታል። ግድግዳ ሳቆም ሠላሳ ዓመት ስኖር ጠማማውን ቀጥ ያለ ነው ብዬ አላውቅም።

"ተካክሏል" አልኩ።

ሦስት መቶ ሰው ጣሪያ ላይ እንደ ወጣ ሰው ያገኘውን ነገር ሁሉ ይዞ ቆሟል። የሽማግሌው አልጋ ከነሽማግሌው እየተንሸራተተ ሄዶ ግራው አጥር ላይ ቆመ። ዶክተር ልሣነወርቅ በሁለት እጃቸው ገመድ ይዘው፣ "ትንሽ ያዘነበለች አይመስልም?" አሉ።

"ቱንቢው ተካክሏል ብሏል" አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፤ እርሳቸውም ምሰሶ አቅፈው ነበር።

"እንዲያ ከሆነ እሺ" አሉ ዶክተር። አቶ ደምመላሽም፣ እኔም ቀጥ እንዳለች ይሰማኝ ነበር አሉ። ከዚያም ቀጥ ባለ መርከብ ላይ እንደሚሄድ ሰው ለመሄድ እየታገሉ፣ አንዳንዱ በአራት እግሩ፣ ወደ መሸጋገሪያው ሳንቃ ወጡ። መውረዱ በማዕረግ ተራ ስለሆነ ፈጠነ አይባልም። እኔ ግን ቱንቢዬን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩና ቁልፉን ከወይዘሮ ይርገዱ እጅ ተቀብዬ መሰላሉን ወረድኩ። በሩን ስከፍት ውሃው አብሮ ወጣብኝ። አሥራ አንዱም ደረታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ነበሩ። አንዱን እየጎተትኩ፣ ሌላውን እየገፋሁ አወጣናቸው፤ ጋሽ ቢምረው መጨረሻ ወጣ። ወደቡ ላይ በደረስን በሩብ ሰዓት ውስጥ አይበገሬ ወደ ግራ ተኝታ ሰመጠች። ርግቦቹ ብቻ ከመድፉ አፍ ወጥተው በላይዋ ዞሩ።

በቃለ ጉባኤው ላይ "ድምፁ እኩል ሆኖ ስብሰባው ተበተነ፤ መርከቧም ቀጥ እንዳለች ሰጠመች" ተብሎ ተጻፈ። ነገሩ አላስተኛኝ ስላለ ሄጄ ለወይዘሮ ይርገዱ ሃያ ስድስት ነበር ብዬ ተናዘዝኩ። ተንሳፍፎ የተገኘውን ሳንቃ አስመጥተው ቆጠሩት። "እዚህ ላይ ያለው እስከ ሃያ ነው፤ ሃያ ስድስት የሚባል የለም" አሉና አሰናበቱኝ። ክርክሩ ሰኞ በሁለተኛዋ መርከብ ላይ እንዲቀጥል፣ አሥራ አንዱም የፓምፕ ሠራተኞች ወደዚያ እንዲዛወሩ ታዘዘ። ውሃውም ነባር አባል ሆኖ ተመዝግቧል።

ቱንቢዬን ይዤ ወደ ግንባታዬ ልመለስ ወሰንኩ። ልሰናበተው ብዬ ጋሽ ቢምረው ወደ ተቀመጠበት ሄድኩ፤ የወደቡ ግንብ ላይ ሆኖ ሱሪውን ፀሐይ ላይ ያደርቃል።

"እውነቱ ስንት ነበር?" አለኝ።

"ሃያ ስድስት።"

"ስንት ላይ ነው የምትገለበጠው?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"አንተ እኮ ሁሉን ነገር ካላወቅሁ የምትል ሰው ነህ።"

"ያን ቀን ማወቅ አልፈለግሁም።"

ወደ ባሕሩ ዞረ። እጆቹ ሳያውቀው ወደ ላይና ወደ ታች ይላሉ፤ ያልያዘውን ፓምፕ ይገፋል። "ሌላ ቱንቢ ያዥ ይፈልጋሉ አሉ" አለ። "አንድ ወጣት ተገኝቷል። በጣም ሐቀኛ ልጅ ነው ይላሉ።"

ሰኞ ጠዋት ግን ቱንቢዬን ይዤ ሁለተኛዋ መርከብ ላይ ወጣሁ።

ይህ ክርክር ለምን አያልቅም እያላችሁ የምትገረሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ድምፅ ተሰጥቷል፤ አሥራ ዘጠኙንም ጊዜ ተካክሏል። አሥራ አንዱም በሕይወት አሉ።